የጄኤስኤፍ አፕሊኬሽንን ላይፍሬይ ፖርታል ውስጥ እንደ ፖርትሌት ማስኬድ፦ ደረጃ በደረጃ

በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ «በጄኤስኤፍ የተሠራ፣ ቶምካት ላይ ያለ ችግር የሚሮጥ አፕሊኬሽን አለን። አሁን መሥሪያ ቤታችን ፖርታል አስገባ። እንደ አዲስ ሳንጽፈው ፖርታሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል ወይ?»

ይቻላል። እንደ አዲስ መጻፍ አያስፈልግም። (ጄኤስኤፍ በጃቫ የድረ ገጽ አፕሊኬሽን መሥሪያ ማዕቀፍ ነው፤ ቶምካት የጃቫ አፕሊኬሽን የሚያስኬድ ሰርቨር ነው፤ ላይፍሬይ ደግሞ ፖርትሌት የሚባሉ አነስተኛ አፕሊኬሽኖችን በአንድ ገጽ ላይ የሚያቀርብ ፖርታል ነው።) ዋር ፋይሉን (አፕሊኬሽኑ የታሸገበትን ፋይል) ወስዶ ፖርታሉ ላይ መጣል ብቻ ግን አይበቃም። በመካከል የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። አብዛኞቹ ያሉት ደግሞ ማዋቀሪያ ፋይሎች ላይ ሳይሆን ኮዳችሁ ውስጥ ነው።

በምሳሌነት አንድ ቀላል አፕሊኬሽን ይዘን እንሂድ፤ የሠራተኞች የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ነው። መነሻና ማብቂያ ቀን የሚሞላበት ቅጽ፣ «ላክ» የሚል ቁልፍ፣ የቀድሞ ጥያቄዎች ዝርዝርና የጸደቀውን ፈቃድ በፒዲኤፍ የሚያወርድ ሊንክ አለው። የፋይልና የመለኪያ ስሞችን እዚህ በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። እናንተ ፋይል ውስጥ ስታስገቡ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳይቀር በትክክል ጻፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላይፍሬይ 7.4 ከነቶምካቱ የተዘጋጀው ጥቅል
- ጄዲኬ 11 (8ም ይሠራል)
- ሜቨን (ላይብረሪዎችን የሚያመጣና ፕሮጀክቱን የሚገነባ መሣሪያ)
- በጄኤስኤፍ 2.2 ወይም 2.3 የተጻፈ አፕሊኬሽን፣ ከነሙሉ ሶርስ ኮዱ
- የላይፍሬይ ፌስስ ብሪጅ (ጄኤስኤፍን ከፖርታሉ ጋር የሚያገናኘው) ሦስት ላይብረሪዎች፦ ኤፒአዩ፣ ኢምፕሊሜንቴሽኑ እና የላይፍሬይ ተጨማሪው
- ለሙከራ ብቻ የሚውል ፖርታል (ሰው እየሠራበት ያለው ላይ አትጀምሩ)

ከመጀመራችሁ በፊት የሚገባችሁ ነገር

ፖርታልን እንደ አንድ ትልቅ ግቢ አስቡት። ፖርትሌት በግቢው ውስጥ ያለ የኪራይ ክፍል ነው። በሩም አጥሩም የግቢው ነው፤ ተከራይ የራሱን የውጭ በር አይተክልም።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? አፕሊኬሽናችሁ ለብቻው ሲሮጥ ገጹ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነበር። ከብራውዘር የሚመጣውን ጥያቄም በቀጥታ ይቀበል ነበር። ፖርታል ውስጥ ግን የሚያወጣው የገጹን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ጥያቄውን ቀድሞ የሚቀበለው ፖርታሉ ነው፤ ለእናንተ የሚያስተላልፈውም በራሱ ዓይነት ዕቃ ጠቅልሎ ነው። ጄኤስኤፍ ይህን ቋንቋ በራሱ አይናገርም። የሚያስተረጉምለት ብሪጁ ነው። ከዚህ በታች የምታዩት እያንዳንዱ ደረጃ ከዚህ እውነት የመጣ ነው።

ደረጃ 1፦ የፓኬጅ ስሞቻችሁን እዩ

ኮዳችሁ ውስጥ ያሉት የጄኤስኤፍ ኢምፖርቶች በ«ጃቫክስ» ነው የሚጀምሩት ወይስ በ«ጃካርታ»? ፌስስ 3.0 (የጄኤስኤፍ አዲሱ ስም ነው) እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ የፓኬጅ ስሙ ወደ ጃካርታ ተቀየረ። የፖርትሌት 3.0 ስታንዳርድ (ጄኤስአር 362፣ እ.ኤ.አ. 2017) እና ላይፍሬይ 7.4 ግን በጃቫክስ ናቸው። ሁለቱ ለኮምፓይለር ፍጹም የተለያዩ ክላሶች ስለሆኑ አይገናኙም።

አፕሊኬሽናችሁ በጃካርታ ከሆነ እዚህ ቁሙ። ወይ ወደ ጃቫክስ መልሱት፣ ወይ ጃካርታን የሚደግፍ ፖርታልና ብሪጅ ፈልጉ። ይህን ሳያዩ ቀጥለው ሰዓታትን በማይገባ የክላስ ስህተት የሚያቃጥሉ ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2፦ የሜቨን ጥገኝነቶችን አስተካክሉ

የብሪጁን ሦስት ላይብረሪዎች ጨምሩ። ቨርዥናቸውን በግምት አትምረጡ። የላይፍሬይ ፌስስ ድረ ገጽ የፖርታሉንና የጄኤስኤፉን ቨርዥን ስትነግሩት የሚስማማውን ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ እሱን ቅዱ። አንዱ ላይብረሪ ብቻ ከሌላ ትውልድ ከሆነ አፕሊኬሽኑ ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል።

ከዚያ ስኮፓቸውን (ከዋር ፋይሉ ጋር መግባት አለመግባታቸውን የሚወስነውን) እዩ፦

- የፖርትሌት ኤፒአይ እና የሰርቭሌት ኤፒአይ «ፕሮቫይድድ» ይሁኑ። ፖርታሉ የራሱ አለው። እናንተም በዋር ፋይላችሁ ይዛችሁ ከገባችሁ አንድ ክላስ በሁለት ክላስሎደር ይጫንና «ይህ ክላስ ወደዚህ ክላስ አይቀየርም» የሚል ስህተት ይመጣል። ሁለቱም ስሞች አንድ ዓይነት ስለሆኑ መልእክቱ ግራ ያጋባል።
- ሞጃራ፣ ማለትም የጄኤስኤፉ ኢምፕሊሜንቴሽን፣ ቶምካት ውስጥ ስለሌለ ከዋር ፋይሉ ጋር ይግባ። ፖርታላችሁ ዋይልድፍላይ ላይ ከሆነ ግን ሰርቨሩ የራሱ ጄኤስኤፍ አለው፤ ሁለት እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ።

ፕራይምፌስስ (ዝግጁ የጄኤስኤፍ ኮምፖነንቶች ላይብረሪ) ካላችሁ እንዳለ ይቀመጥ።

ደረጃ 3፦ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤልን አጽዱ

የፌስስ ሰርቭሌት መግለጫ ይቆይ፤ ሲነሣ እንዲጫን «ሎድ ኦን ስታርትአፕ» 1 ይሁን። የፖርትሌት ጥያቄ በዚህ ሰርቭሌት በኩል አያልፍም። ቢሆንም ጄኤስኤፍ ራሱን የሚያስነሣው መግለጫውን አይቶ ነው። «አያስፈልግም» ብላችሁ ካጠፋችሁት አፕሊኬሽኑ ላይሠራ ይችላል።

የኤክስኤችቲኤምኤል ፋይሎቻችሁ በቀጥታ ከብራውዘር እንዳይከፈቱ የደኅንነት ገደብ እዚሁ ጨምሩ። አለዚያ የፋይሉን አድራሻ የገመተ ሰው ፖርታሉን ሳያልፍ የገጽ ኮዳችሁን ማየት ይችላል።

ደረጃ 4፦ ፖርትሌት ዶት ኤክስኤምኤልን ጻፉ

አዲስ ፋይል ነው፤ ዌብ-አይኤንኤፍ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። መግባት ያለባቸው፦

1. የፖርትሌቱ ስም። አጭር ይሁን፤ ክፍት ቦታ አይኑረው። ሌሎቹ ፋይሎች የሚጠሩት በዚህ ስም ነው።
2. የፖርትሌቱ ክላስ፦ ከብሪጁ ኤፒአይ የሚመጣው ጀነሪክ ፌስስ ፖርትሌት፣ ከሙሉ የፓኬጅ ስሙ ጋር። የራሳችሁን ክላስ መጻፍ አያስፈልግም።
3. የመነሻ ገጽ፦ «ዲፎልት ቪው አይዲ» በሚለው መለኪያ። የመለኪያው ስም መጨረሻ ላይ «ዶት ቪው» አለ፤ ኤዲትና ሄልፕ ሁናቴ ካላችሁ ለእያንዳንዱ የራሱን ጨምሩ።
4. የካሽ ማብቂያ፦ 0። ፖርታሉ የቆየ ቅጽ እያሳየ ተጠቃሚውን እንዳያሳስት ነው።
5. የሚያወጣው የይዘት ዓይነት (ቴክስት ኤችቲኤምኤል) እና የሚደግፈው ሁናቴ (ቪው)።
6. ርዕስ። ተጠቃሚው በሳጥኑ አናት የሚያየው ይህን ነው፤ «የዓመት ፈቃድ» ብላችሁ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ።

ደረጃ 5፦ የላይፍሬይን ሁለት ፋይሎች ጨምሩ

ላይፍሬይ-ዲስፕሌይ ፖርትሌቱ በየትኛው ምድብ ሥር እንደሚታይ ይናገራል። አጭር ነው፤ ምድብና የፖርትሌት ስም ብቻ።

ላይፍሬይ-ፖርትሌት ላይ ግን ቆም በሉ። ሦስት ውሳኔዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ኢንስታንሴብል» ነው። ካልነካችሁት ፖርትሌቱ አንድ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣል። ለፈቃድ ቅጽ ይህ ትክክል ነው።

ሁለተኛው የተጠቃሚ ማንነት ነው። ኮዳችሁ «የገባው ሰው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ላይፍሬይ ካልነገራችሁት በቀር የሚመልሰው የመግቢያ ስም ሳይሆን የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ነው። ዳታቤዛችሁ ሠራተኞችን በመግቢያ ስም የሚፈልግ ከሆነ ማንንም አያገኝም፤ ስህተትም አያወጣም። ዝርዝሩ ዝም ብሎ ባዶ ይሆናል። «ዩዘር ፕሪንሲፓል ስትራቴጂ» የሚለውን ወደ «ስክሪን ኔም» ቀይሩት።

ሦስተኛው የፓራሜትር ስም ነው። ከላይፍሬይ 6.2 ወዲህ የፖርትሌቱ ቅድመ ስም የሌለው ፓራሜትር ወደ ፖርትሌቱ አይደርስም። በጃቫስክሪፕት በራሳችሁ የምትልኩት ነገር ካለና ሰርቨር ላይ ባዶ ሆኖ ከደረሰ «ሪኳየርስ ኔምስፔስድ ፓራሜተርስ» የሚለውን ፎልስ አድርጉት፤ ይበልጥ የሚሻለው ግን ቅድመ ስሙን መጨመር ነው።

የእነዚህ ኤለመንቶች ቅደም ተከተል በዲቲዲው (የፋይሉን አወቃቀር በሚደነግገው ፋይል) የተወሰነ ነው። እንደ ዲቲዲው ደርድሯቸው።

ደረጃ 6፦ በኮዱ ውስጥ «ሰርቭሌት» የሚለውን ፈልጉ

ሙሉ ፕሮጀክቱ ላይ ፍለጋ አድርጉ። ኤችቲቲፒ ሰርቭሌት ሪኩዌስት፣ ሪስፖንስ ወይም ሴሽን የሚል ሁሉ አንድ በአንድ ይታይ።

ከፌስስ ኮንቴክስት ሪኩዌስቱን ወስዳችሁ ወደ ኤችቲቲፒ ሰርቭሌት ሪኩዌስት ካስት የምታደርጉበት መስመር ካለ ፖርታል ውስጥ ይፈነዳል። እዚያ ቦታ ላይ ያለው የፖርትሌት ሪኩዌስት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኤክስተርናል ኮንቴክስት የሚሰጣችሁን ሜተዶች ተጠቀሙ። የፓራሜትር፣ የሴሽንና የተጠቃሚ መረጃ ከእሱ ይገኛል፤ ለብቻውም ሆነ ፖርታል ውስጥ በአንድ ዓይነት ኮድ ይሠራል።

የሰርቭሌት ፊልተሮቻችሁም ለፖርትሌት ጥያቄ አይጠሩም። የመግቢያ ማረጋገጫ በፊልተር ከነበረ አሁን የሚጠብቅ የለም ማለት ነው። የራሳችሁን የመግቢያ ገጽ አውጡትና ማንነቱን ከፖርታሉ ተቀበሉ፤ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነውን ቁጥጥር ግን ቢን (ከገጹ ጀርባ ያለው የጃቫ ክላስ) ውስጥ እንደገና አስገቡ። ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሳታደርጉ ወደ ሥራ አታውጡት።

ሴሽንን በሚመለከት አንድ ነገር ላክል። በአንድ ዋር ውስጥ ሁለት ፖርትሌቶች ካሏችሁ፣ ለምሳሌ ቅጹ አንዱ ዝርዝሩ ሌላው ከሆነ፣ የሴሽን ቢናቸው አይጋራም። ፖርትሌት ሴሽን ሁለት ክፍል አለው፤ ነባሪው ለአንድ ፖርትሌት ብቻ የተከለለው ነው። የጋራ መረጃ ካለ በፖርትሌት ሴሽኑ አፕሊኬሽን ስኮፕ በኩል አስቀምጡት።

ደረጃ 7፦ ሥራን ከማሳየት ለዩ

ጊዜያችሁን ከሁሉ በላይ የምትሰጡት ለዚህ ደረጃ ይሁን።

ሠራተኛዋ ቀኑን ሞልታ «ላክ»ን ትጫናለች። ፖርታሉ መጀመሪያ ለእናንተ ፖርትሌት ብቻ የአክሽን ዙር ያስነሣል። ብሪጁ በዚህ ዙር ጄኤስኤፉን ገጹን መልሶ ከማንሣት እስከ አክሽን ሜተዱ (ቁልፉ ሲጫን የሚጠራው) ድረስ ያስኬደዋል፤ ጥያቄው ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሬንደር ዙር ይመጣል። በዚህ ዙር ገጹ ላይ ያሉት ፖርትሌቶች ሁሉ ራሳቸውን ይሥላሉ፤ የእናንተም ጭምር። በአንድ ጥያቄ ብቻ የሚቆየው ቢን ከአክሽን ወደ ሬንደር ሳይጠፋ የሚሻገረው ብሪጁ ስለሚይዘው ነው።

አሁን ሠራተኛዋ ከጎን ያለውን የማስታወቂያ ፖርትሌት ተጫነች እንበል። የእናንተን አልነካችም። ገጹ እንደገና ሲሠራ ግን የእናንተ ፖርትሌትም እንደገና ሬንደር ይደረጋል። ገጹ ሲከፈት የሚጠራ ሜተድ ውስጥ፣ ወይም ጌተር (ለገጹ ዋጋ የሚመልስ ሜተድ) ውስጥ፣ የሚያስቀምጥ ወይም ኢሜይል የሚልክ ኮድ ካለ እንደገና ይሠራል። አለቃዋ አንድን የፈቃድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል። አፕሊኬሽኑ ለብቻው ሲሮጥ ይህ ስለማይታይ «ፖርታሉ ተበላሸ» ይባላል። ፖርታሉ ግን ሥራውን በትክክል ነው የሠራው።

ስለዚህ፦

1. የሚቀይር፣ የሚያስቀምጥ፣ የሚልክ ነገር ሁሉ አክሽን ሜተድ ውስጥ ብቻ ይሁን።
2. ጌተሮች የተዘጋጀ ነገር ይመልሱ እንጂ ዳታቤዝ አይጥሩ። ዝርዝሩን አንዴ ጭናችሁ በቪው ስኮፕ (ያው ገጽ እስካለ ድረስ በሚቆየው) ያዙት። ሰው ሌላ ፖርትሌት በነካ ቁጥር የእናንተ ኩዌሪ ከሮጠ ገጹ ይጎተታል።
3. ሪዳይሬክትም አክሽን ሜተድ ውስጥ ብቻ ይሁን። ሬንደር ላይ ጊዜው አልፏል፤ ፖርታሉ ገጹን መላክ ጀምሯል።

የኤጃክስ ጥያቄ (ገጹን ሙሉ ሳያድስ የሚላከው) በሦስተኛ ዙር፣ በሪሶርስ ዙር ነው የሚሄደው። እሱ ሙሉውን የጄኤስኤፍ ሂደት በአንዴ ይጨርሳል፤ ሌሎቹን ፖርትሌቶችም አይቀሰቅስም። የምትችሉትን ቅጽ ሁሉ በኤጃክስ ብታደርጉት ተጠቃሚውም ሰርቨሩም ይቀላቸዋል።

ደረጃ 8፦ ገጾቹን አስተካክሉ

የኤችቲኤምኤል ሥር ታጉን አውጡና በጄኤስኤፉ የ«ቪው» ታግ ተኩት። በፖርታሉ ገጽ መሐል ሁለተኛ የኤችቲኤምኤል ታግ መግባት የለበትም። የጄኤስኤፍ «ሄድ» እና «ቦዲ» ታጎች ይቆዩ፤ ብሪጁ የመጀመሪያውን ይዘት ወደ ፖርታሉ ሄድ ያሻግረዋል፣ ሁለተኛውን ወደ ተራ ዲቭ ይቀይረዋል።

ሲኤስኤሱን ደግሞ እዩ። «ኢንፑት ሁሉ ቀለሙ እንዲህ ይሁን» ብላችሁ ከሆነ የፖርታሉ መፈለጊያ ሳጥንም ቀለሙን ይቀይራል። ሁሉንም ደንቦች በራሳችሁ አንድ የክላስ ስም ሥር አስገቡ።

የኤለመንት መለያዎችም ይለወጣሉ። ብሪጁ በእያንዳንዱ መለያ ፊት የፖርትሌቱን ቅድመ ስም ይጨምራል፤ ሁለት ፖርትሌቶች አንድ ዓይነት መለያ ይዘው እንዳይጋጩ ነው። ጃቫስክሪፕታችሁ መለያውን በእጅ ጽፎ የሚፈልግ ከሆነ አያገኘውም። የኮምፖነንቱን የክላየንት መለያ ከገጹ ወደ ጃቫስክሪፕቱ አሳልፉ። ሊንክ፣ ምስልና ስታይል ፋይልም በጄኤስኤፍ ታጎች ይውጡ፤ በእጅ የተጻፈ አድራሻ ፖርታሉን ስለማያውቅ ይሰበራል።

ደረጃ 9፦ ፋይል ማውረድን ወደ ሪሶርስ ዙር አዛውሩ

የፒዲኤፍ ሊንኩ አክሽን ሜተድ ጠርቶ ባይቶቹን ሪስፖንስ ላይ የሚጽፍ ከሆነ አይሠራም። የአክሽን ዙር ሪስፖንስ መጻፊያ የለውም። በሬንደር ዙር ብትጽፉት ደግሞ የፒዲኤፉ ይዘት በገጹ መሐል ይፈስሳል። ሊንኩን የሪሶርስ አድራሻ አድርጉትና ፋይሉን በዚያ በኩል ስጡ።

ደረጃ 10፦ አማርኛውን ፈትሹ

የመልእክት ፋይሎቻችሁ በአማርኛ ከሆኑ ጃቫ 8 የፕሮፐርቲስ ፋይልን በዩቲኤፍ-8 አያነብም፤ ፊደሉ ወደማይነበብ ምልክት ይቀየራል። በጃቫ 8 ከሆናችሁ ጽሑፉን በ«ኔቲቭ ቱ አስኪ» ወደ ዩኒኮድ ኮድ ቀይሩት። ከጃቫ 9 ጀምሮ ሪሶርስ ባንድል ዩቲኤፍ-8ን በቀጥታ ያነባል። ጄዲኬ 11ን ያስቀደምኩት ለዚህም ጭምር ነው። የሜቨን ሶርስ ኢንኮዲንግም ዩቲኤፍ-8 ይሁን።

ደረጃ 11፦ ዲፕሎይ አድርጉና ሞክሩ

ዋር ፋይሉን ላይፍሬይ ፎልደር ውስጥ ወዳለው «ዲፕሎይ» ፎልደር ቅዱ። ላይፍሬይ ወደ ኦኤስጂአይ ባንድል (ራሱ ወደሚጭነውና ወደሚያስነሣው ሞጁል) ይቀይረዋል። ሎጉ ላይ «ስታርትድ» የሚል መስመር ከባንድሉ ስም ጋር እስኪመጣ ጠብቁ። ከዚያ ገጽ ላይ ጨምሩት።

ሙከራው በአንድ ባዶ ገጽ ላይ አይሁን። ከጎኑ ሌላ ፖርትሌት አስቀምጡ። ቅጹን ግማሽ ሙሉ፣ ሌላውን ፖርትሌት ተጫኑ፣ ተመለሱ። «ላክ» ካላችሁ በኋላ ገጹን አድሱ፤ ዳታቤዝ ውስጥ ስንት መስመር እንደገባ ቁጠሩ። በሁለት ብራውዘር፣ በሁለት ተጠቃሚ ግቡ። ፒዲኤፉን አውርዱ። መግቢያ ለሌለው እንግዳ ገጹ ምን እንደሚያሳይም እዩ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- *ፖርትሌቱ በዝርዝሩ ውስጥ አይታይም።* ጎጎ ሼል (የላይፍሬይ የትእዛዝ መስኮት) ከፍታችሁ የባንድሎችን ዝርዝር እዩ። «አክቲቭ» ሳይሆን «ኢንስቶልድ» ላይ ከቆመ የጎደለ ፓኬጅ አለ፤ የ«ዲያግ» ትእዛዝ ስሙን ይነግራችኋል። አክቲቭ ሆኖ ካልታየ በላይፍሬይ-ዲስፕሌይ እና በፖርትሌት ዶት ኤክስኤምኤል ያለው ስም አንድ መሆኑን አረጋግጡ።
- *«ለጊዜው አይገኝም» የሚል ቀይ ሳጥን።* ሬንደር ላይ የወደቀ ነገር አለ። ሳጥኑ ምክንያቱን አይናገርም፤ ሎጉን አንብቡ። በሙከራ ጊዜ የፕሮጀክት ስቴጅን «ዴቨሎፕመንት» ማድረግ መልእክቱን ግልጽ ያደርገዋል።
- *ቁልፉ ሲጫን ምንም አይሆንም።* አንድ መሞላት ያለበት ቦታ ባዶ ቀርቶ መልእክቱ የሚታይበት ታግ ስለሌለ ሊሆን ይችላል። የ«ሜሴጅስ» ታግ ጨምሩና ድገሙት። ከዚያም ካልሆነ ቅጽ ውስጥ ሌላ ቅጽ እንዳልገባ እዩ።
- *ቢኖቹ ኑል ናቸው።* ሲዲአይ (ቢኖችን የሚፈጥርና የሚያገናኝ የጃቫ ስታንዳርድ) የምትጠቀሙ ከሆነ በላይፍሬይ ለእሱ የተለየ ዝግጅት ያስፈልጋል። መጀመሪያ አንዱን ቢን በጄኤስኤፍ የራሱ ማኔጅድ ቢን ሞክሩት፤ ያኛው ከሠራ ችግሩ ከሲዲአዩ ዝግጅት ነው፣ ብሪጁን አትንኩት።
- *ለውጡ አይታይም።* ያው የድሮ ገጽ ከመጣ የብራውዘሩን ካሽ አጽዱ። ከዚያ አዲሱ ዋር በእርግጥ «ስታርትድ» ማለቱን ሎጉ ላይ አረጋግጡ፤ የቀድሞው ባንድል ሳይቆም አዲሱ ከተጫነ አንዴ አራግፉትና መልሳችሁ አስገቡት።